ዝም ያለ ልጅ ሁሉ ተሻሽሏል ማለት አይደለም፦ ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ላይ የሚከሰት የስሜት መታወክ፣ ምልክቶቹና ሕክምናው



በመምህርነት ባሳለፍናቸው ዓመታት ካስተማርናቸው ልጆች መካከል ኦቲዝም ያለው አንድ ልጅ ነበር። የአንበሳ አውቶቡስ ቁጥሮችን ከነመነሻና መድረሻቸው በቃሉ ያውቃል። ጠዋት ክፍል ሲገባ በሰላምታ ፋንታ የመጣበትን አውቶቡስ ቁጥር ይነግረናል። ደወል ሲደወል ጆሮውን ይዞ ይጮኻል፤ ቦታው ላይ ሌላ ልጅ ከተቀመጠ ክፍሉ በሙሉ ይረበሻል። በሁለተኛው መንፈቀ ዓመት ግን ልጁ ጸጥ አለ። መጮኽ ተወ፣ ከወንበሩ መነሳት ተወ፣ ስለ አውቶቡስ ማውራትም ተወ። እኛ መምህራኑ ተሰብስበን «በጣም ተሻሽሏል» ብለን ጻፍንለት።

እናቱ ግን መጥታ «ልጄ ልጄን አልመስልህ አለኝ» አለች። ምሳ ዕቃው እንደተሞላ እንደሚመለስ፣ ሌሊቱን ዐይኑ ፈጦ እንደሚያድር ነገረችን። እኛም «አልሐምዱሊላህ በይ፣ ልጅሽ ተረጋግቷል» ብለን ሸኘናት። ከወራት በኋላ ሐኪም ሲያየው ድባቴ ይዞታል ተባለ። ለካ ትልልቅ ልጆች መጸዳጃ ቤት በር ላይ እየጠበቁ ይመቱት ኖሯል። እሱ ደግሞ የሆነውን አደራጅቶ መናገር አይችልም። ሕመሙን ጤና ብለን መዝግበንበት ነበር።

ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ሌሎች ወላጆች፣ መምህራንና የመድረሳ ኡስታዞች የእኛን ስህተት እንዳይደግሙት ነው። ጽሑፉ የሐኪምን ምርመራ አይተካም፤ ሐኪም ዘንድ መቼ መሄድ እንዳለብንና ምን ይዘን መሄድ እንዳለብን ግን ይጠቁማል።

ኦቲዝምና የስሜት መታወክ አንድ አይደሉም

ኦቲዝም ከሕፃንነት የሚጀምር የአንጎል እድገት ልዩነት ነው። ልጁ ከሰው ጋር የሚግባባበትን መንገድ፣ ድምፅን፣ ብርሃንን፣ ንክኪን የሚቀበልበትን ሁኔታና ለለመደው ነገር ያለውን ጥብቅ ፍላጎት ይወስናል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም እንደነበረው ይገምታል። ኦቲዝም እንደ ወባ መጥቶ የሚሄድ ሕመም አይደለም፤ ልጁ አብሮት ይኖራል።

የስሜት መታወክ ግን በኋላ የሚመጣና ሊታከም የሚችል ሕመም ነው። ዋና ዋናዎቹ ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው ድባቴ ነው፤ ኀዘን ወይም ብስጭት፣ ነገሮች ሁሉ ደስ አለማለት፣ የእንቅልፍና የምግብ መዛባት ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ሲዘልቅ ማለት ነው። ሁለተኛው ባይፖላር የሚባለው ሲሆን፣ ከድባቴው በተጨማሪ ስሜት ከልክ በላይ የሚግልበት ወቅት አለው። ጭንቀት በሕክምና አመዳደብ ከእነዚህ ቢለይም ብዙውን ጊዜ አብሯቸው ይገኛል።

እ.ኤ.አ. በ2019 ብዙ ጥናቶችን አሰባስቦ የመረመረ አንድ ሥራ እንዳሳየው፣ ኦቲዝም ያላቸው ሰዎች በዕድሜያቸው ድባቴ የሚይዛቸው ዕድል ከሌላው ሰው በአራት እጥፍ ገደማ ይበልጣል። ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። ልጁ በትምህርት ቤት ይገለላል፣ ይመታል፤ በየቀኑ ከጫጫታና ካልጠበቀው ለውጥ ጋር ይታገላል፤ ከፍ ሲል ደግሞ ከሌሎች መለየቱን ራሱ ማወቅ ይጀምራል።

ለምን ሳይታወቅ ይቀራል?

ትልቁ ምክንያት ሁሉንም ነገር «ኦቲዝሙ ነው» ብሎ ማለፍ ነው። ልጁ ካልበላ ኦቲዝሙ ነው፣ ካልተኛ ኦቲዝሙ ነው፣ ራሱን ከመታም ኦቲዝሙ ነው ይባላል። በዚህ መሐል ሊታከም የሚችለው ሕመም ተደብቆ ይከርማል። ይህ ስህተት ከቤተሰብ ብቻ የሚመጣ አይደለም፤ የጤና ባለሙያዎችም ይሳሳታሉ።

ሁለተኛው ምክንያት ስሜቱ ፊት ላይ አለመነበቡ ነው። ኦቲዝም ያለው ልጅ ውስጡ እያዘነ ፊቱ እንደወትሮው ሊሆን ይችላል፤ እየሳቀ የሚጨነቅም አለ። ኦቲዝም ካላቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ የራሳቸውን ስሜት ለይተው ስም መስጠት ይቸግራቸዋል። «ከፍቶሃል ወይ?» ብንለው «አላውቅም» የሚለን እውነቱን ነው። የማይናገር ልጅ ከሆነማ ያለው ቋንቋ ባሕርዩ ብቻ ነው።

ሦስተኛው ሴት ልጆችን የሚመለከት ነው። ብዙ ሴት ልጆች እንደ እኩዮቻቸው ለመምሰል ቀኑን ሙሉ ሲጥሩ ይውሉና ቤት ሲደርሱ ይፈነዳሉ። መምህሯ «ጨዋ ልጅ ናት» ይላል፤ እናት ደግሞ በየማታው ለቅሶ ታያለች። ሁለቱም ያዩት እውነት ነው፤ መገናኘትና መነጋገር ግን አለባቸው።

ስለዚህ አንድ ደንብ እንያዝ፦ ልጁን የምናነጻጽረው ከሌሎች ልጆች ጋር ሳይሆን ከራሱ ጋር ነው። ዘመድ ሲመጣ ሁልጊዜም የሚደበቅ ልጅ ዛሬም ቢደበቅ አዲስ ነገር የለውም። ከአያቱ ጉያ የማይለየው ልጅ አያቱን መሸሽ ከጀመረ ግን አንድ ነገር ተለውጧል።

የድባቴ ምልክቶች

ከሚከተሉት ውስጥ የተወሰኑት ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ከታዩ ችላ ሊባሉ አይገባም።

• *የሚወደውን መተው።* ስለ አውቶቡስ፣ ስለ ካርታ ወይም ስለ እንስሳት ቀኑን ሙሉ የሚያወራ ልጅ ድንገት ዝም ካለ፣ ይህ ከሁሉም በላይ ሊያነቃን ይገባል። አንዳንዴ ደግሞ ፍላጎቱ አይጠፋም፣ መልኩ ይቀየራል፤ ስለ ሞት፣ ስለ አደጋ ወይም ስለ ቀብር ደጋግሞ መጠየቅ ይጀምራል።
• *ብስጭት መብዛት።* በልጆች ላይ ድባቴ ሁልጊዜ እንባ ይዞ አይመጣም። ጩኸት፣ ዕቃ መወርወር፣ መንከስ ከወትሮው ሊብስ ይችላል።
• *ራስን መጉዳት መጀመር ወይም መባባስ።* ጭንቅላትን ከግድግዳ ማጋጨት፣ እጅን መንከስ፣ ፀጉርን መንጨት።
• *የያዘውን ችሎታ መልቀቅ።* ብቻውን ይለብስ የነበረ ልጅ አልብሱኝ ማለት፣ ሽንት ቤት የለመደው መልሶ መሽናት፣ ይናገራቸው የነበሩ ቃላት መቀነስ።
• *እንቅልፍና ምግብ መለወጥ።* ሌሊት መንቃት ወይም ቀኑን ሙሉ መተኛት፤ ቀድሞ ከሚበላቸው ጥቂት ምግቦች ውስጥ እንኳ መቀነስ፤ ክብደት መቀነስ ወይም መጨመር።
• *ለለመደው ሥርዓት ያለው ጥብቅነት መባስ።* የውስጥ ጭንቀት ሲበዛ ልጁ የሚያውቀውን ነገር ይበልጥ አጥብቆ ይይዛል።
• *ራስን መናቅ።* መናገር የሚችል ልጅ «እኔ መጥፎ ነኝ»፣ «ባልኖር ይሻላል» ማለት።

ስሜት ከልክ በላይ ሲግል

ባይፖላር በትናንሽ ልጆች ላይ ብዙም አይታይም፤ በጉርምስና ዕድሜ መታየት ሊጀምር ይችላል። ለይተን የምናውቀው ለቀናት በመዝለቁ ነው፤ አንድ ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ ይቆያል። ልጁ ሌሊት ሁለት ሦስት ሰዓት ብቻ ተኝቶ ሳይደክመው ይነሳል። ያለ ምክንያት ይስቃል፣ ንግግሩ ወይም ድምፅ ማውጣቱ ይፈጥናል፣ አደጋን አይፈራም፣ ከልኩ ውጭ የሆነ ነገር እችላለሁ ይላል። በአንድ ከሰዓት በኋላ ብቻ የታየ መቅበጥ ወይም ዒድ ዋዜማ ላይ የታየ ደስታ ባይፖላር አይደለም። በቅርብ ቤተሰብ ውስጥ ባይፖላር ያለበት ሰው ካለ ለሐኪሙ መንገር ያስፈልጋል።

ከሁሉ በፊት አካሉን እንመርምር

የሚናገርበት ቃል ያጣ ልጅ ሕመሙን በባሕርዩ ይነግረናል። ስለዚህ «ድባቴ ነው» ከማለታችን በፊት የጥርስ ሕመም፣ የጆሮ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ድርቀት፣ የጨጓራ ቃጠሎ፣ የሆድ ትላትልና የደም ማነስ መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት። ለአቅመ ሔዋን በደረሱ ልጃገረዶች የወር አበባ ሕመምም ይታሰብ። የሚጥል በሽታ ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ላይ ከሌሎች ልጆች በበለጠ ይገኛል፤ ሁልጊዜም በመውደቅ አይገለጽም፤ ለጥቂት ሰከንዶች መፍዘዝና ጥሪ አለመስማት ሊሆን ይችላል። አዲስ የተጀመረ መድኃኒት ካለም ለውጡ ከእሱ ሊመጣ ስለሚችል ይጠየቅ።

ቀጥሎ በልጁ ሕይወት ምን ተለወጠ ብለን እንጠይቅ። ቤት ቀይረናል? አባት ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ሄዷል? ሞግዚቷ ለቃለች? አዲስ መምህር መጥቷል? ልጁን የሚመታው ወይም የሚነካካው ሰው አለ? የመጨረሻው ጥያቄ ለአፍ የሚከብድ ነው፤ ግን መጠየቅ አለበት። መናገር የማይችሉ ልጆች ለጥቃት ይበልጥ የተጋለጡ ናቸውና።

አንድ ደብተር እንክፈት

ለሐኪም ከሚቀርቡ ማስረጃዎች ሁሉ ጠቃሚው ቤተሰቡ የያዘው ማስታወሻ ነው። አንድ ተራ ደብተር ይበቃል። በየቀኑ የተኛበትና የነቃበት ሰዓት፣ የበላው፣ የሽንት ቤት ሁኔታ፣ የረበሸበት ሰዓትና ከዚያ በፊት የሆነው ነገር፣ ደስ ብሎት የታየበት ጊዜ ይጻፍ። ጎን ለጎን ከስድስት ወር ወይም ከዓመት በፊት እንዴት እንደነበረ ይመዝገብ። ከድሮ የተቀረጸ የስልክ ቪዲዮ ካለም ይወሰድ። ሐኪሙ ልጁን የሚያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ እናት ግን ዓመታትን አይታለች። የእኛም ስህተት የነበረው ያንን የእናት ምስክርነት መናቃችን ነው።

ወዴት እንሂድ?

በአቅራቢያ ካለ ጤና ጣቢያ የአካል ምርመራ ተጀምሮ ወደ አእምሮ ሕክምና ክፍል ሪፈር ማጻፍ ይቻላል። በአዲስ አበባ የአማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታልና የየካቲት 12 ሆስፒታል ይጠቀሳሉ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ እንደ ጅማና ጎንደር ባሉ የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎች አሉ። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ሆነው እ.ኤ.አ. በ2002 በአዲስ አበባ ያቋቋሙት ጆይ የኦቲዝም ማዕከል ብዙ ቤተሰቦች ልጃቸውን ከመደበቅ እንዲወጡ ምክንያት ሆኗል። እንዲህ ያሉ ማዕከላት ዋና ሥራቸው ትምህርትና ሥልጠና ቢሆንም፣ ወላጅ ከወላጅ የሚመካከርበት በር ይከፍታሉ።

ሕክምናው፦ መጀመሪያ ኑሮውን ማስተካከል

ድባቴ የያዘውን ልጅ እያስደበደቡ መድኃኒት መስጠት የሚያፈስ ጣሪያ ሥር ወለል መጥረግ ነው። ከክኒን በፊት የሚከተሉት ይታሰቡ።

*ምክንያቱን ማስወገድ።* ድብደባ ካለ ይቁም፤ ጫጫታ ካስጨነቀው ጸጥ ያለ ጥግ ይዘጋጅለት፤ ከአቅሙ በላይ የሆነ ትምህርት ይቀነስለት።

*ቀኑን ግልጽ ማድረግ።* ከጠዋት እስከ ማታ የሚሆነውን በሥዕል ወይም በጽሑፍ ግድግዳ ላይ መለጠፍ። ለውጥ ሲኖር ቀድሞ መንገር።

*እንቅልፍ።* በአንድ ሰዓት መተኛትና መነሳት፤ ከመኝታ በፊት ስልክና ቴሌቪዥን ማጥፋት።

*የሚወደውን ነገር መመለስ።* «አውቶቡስ አውቶቡስ አትበል» ማለት ስህተት ነው። የሚወደው ነገር መደሰቻው ብቻ ሳይሆን ከሰው ጋር የሚገናኝበት መንገዱም ነው። በየቀኑ ጥቂት ደቂቃ አብረነው እንቀመጥ።

*መግባቢያ መስጠት።* ለማይናገር ልጅ «ያመኛል»፣ «በቃኝ»፣ «እፈራለሁ» የሚሉ ሥዕሎች ይዘጋጁለት።

*የንግግር ሕክምና።* ሐሳብን፣ ስሜትንና ድርጊትን አያይዞ የሚሠራው የሥነ ልቦና ሕክምና፣ መናገር ለሚችሉ ልጆች ተስተካክሎ ሲሰጥ ይረዳል። ማስተካከሉ ማለት በሥዕል መሥራት፣ ስሜትን ከ1 እስከ 5 በቁጥር መግለጽ፣ ተረትና ምሳሌያዊ አነጋገርን መቀነስ፣ ወላጅን ማሳተፍ ነው።

መድኃኒት ሲያስፈልግ

የኦቲዝምን መሠረታዊ ባሕርያት የሚያጠፋ መድኃኒት የለም። አብሮ የመጣውን ሕመም የሚያክሙ ግን አሉ። የዓለም ጤና ድርጅት የአእምሮ ስፔሻሊስት በሌለበት ከ6 እስከ 12 ዓመት ላሉ ልጆች የድባቴ መድኃኒት እንዳይሰጥ ይመክራል። ስለዚህ ከጎረቤት በተገኘ ምክር ወይም ከፋርማሲ በቀጥታ ገዝቶ መስጠት አደጋ ነው።

ለልጆች ድባቴ ከሁሉም የተሻለ ማስረጃ ያለው ፍሉኦክሴቲን ነው። ውጤቱ ለመታየት ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጃል። ኦቲዝም ያላቸው ልጆች ለዚህ ዓይነት መድኃኒት ስሱ ስለሆኑ በጣም ዝቅተኛ መጠን ተጀምሮ ቀስ ተብሎ ይጨመራል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መቅበጥበጥ፣ እንቅልፍ ማጣት ወይም ራስን የመጉዳት ሐሳብ ከታየ ሳይዘገዩ ለሐኪሙ መንገር ግዴታ ነው።

ሪስፔሪዶንና አሪፒፕራዞል የአሜሪካ መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በ2006 እና በ2009 ኦቲዝም ባላቸው ልጆች ላይ ለሚታይ ከባድ ብስጭት የፈቀዳቸው ናቸው። የድባቴ መድኃኒት ግን አይደሉም። ክብደት ስለሚጨምሩና የደም ስኳርን ስለሚነኩ ልጁ በየጊዜው መመዘንና መመርመር አለበት። ያዘነውን ልጅ አደንዝዞ ጸጥ ማድረግም ሕክምና አይደለም።

ለባይፖላር ሊቲየም ወይም ሶዲየም ቫልፕሮኤት ሊታዘዝ ይችላል። ሁለቱም የደም ምርመራ ይፈልጋሉ። ቫልፕሮኤት በእርግዝና ጊዜ ጽንስን በከባዱ ስለሚጎዳ ለልጃገረዶች ልዩ ጥንቃቄ ያሻዋል። የትኛውንም መድኃኒት «ልጁ ተሻለው» ብሎ በድንገት ማቋረጥ አይገባም።

አፋጣኝ እርዳታ የሚያስፈልገው መቼ ነው?

ልጁ መሞት እንደሚፈልግ ከተናገረ ወይም በሥዕል ካሳየ፣ ራሱን ክፉኛ ከጎዳ፣ መብላትና መጠጣት ካቆመ፣ ለቀናት እንቅልፍ ካጣ በዚያው ቀን ወደ ሆስፒታል ይወሰድ። «ራስህን ለመጉዳት አስበህ ታውቃለህ?» ብሎ በግልጽ መጠየቅ ሐሳቡን አይፈጥርበትም። በቤት ውስጥ መድኃኒት፣ በረኪና፣ የተባይ ማጥፊያና ስለት ይቆለፍባቸው፤ ልጁም ብቻውን አይተው።

ሩቅያ፣ ረመዷንና መስጂድ

ብዙ ቤተሰቦቻችን በመጀመሪያ የሚያስቡት ጂን ወይም ቡዳ ነው። ቁርኣን መቅራትና ዱዓ ማድረግ ለሙእሚን መጽናኛ ነው፤ ከሕክምናም ጋር አይጋጭም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መታከምን ያዘዙ መሆናቸው ይታወቃል። ልጁን መምታት፣ ማሰር፣ ማስራብ፣ መድኃኒቱን ማስጣል ግን በሩቅያ ስም ሊፈቀድ አይገባም። ድምፅ የሚያመው ልጅ ጆሮ አጠገብ በድምፅ ማጉያ መቅራትም ያስጨንቀዋል፤ ወላጁ አጠገቡ ሆኖ በለሰለሰ ድምፅ ቢቀራለት ይበቃል።

«ኢማን ያለው ሰው አይደበትም» የሚሉም አሉ። ነቢዩላህ የዕቁብ (ዐ.ሰ) በልጃቸው በዩሱፍ ኀዘን ዐይናቸው እስኪነጣ ማልቀሳቸውን ቁርኣን ይነግረናል። ኀዘን የኢማን ጉድለት ቢሆን ኖሮ ነቢይን ባላገኘ ነበር።

ረመዷን ሲገባ የቤቱ ሰዓት በሙሉ ይገለበጣል፤ ለዚህ ልጅ ይህ ከባድ ነው። ከሳምንታት በፊት በሥዕል ማዘጋጀት፣ እሱ የሚበላበትንና የሚተኛበትን ሰዓት አለመቀየር ይረዳል። ለአቅመ አዳም ወይም ሔዋን ያልደረሰ ልጅ ጾም ግዴታው አይደለም፤ የደረሰና መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ ሐኪምና ዓሊም ይጠየቁ። በተለይ ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውሃ ሲያጣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ ወደ አደገኛ መጠን ሊደርስ ይችላል። በመስጂድም ልጁ ድምፅ ስላሰማ እናቱን የሚያሸማቅቅ ዐይን ከእኛ አይጠበቅም። መገለል ራሱ ለድባቴ መንገድ ይጠርጋልና።

ለማጠቃለል

ያ ልጅ ትምህርት ቤት ሲደርስ የሚቀበለው ሰው ተመደበለት፤ መጸዳጃ ቤት ሲሄድ አብሮት የሚሄድ መምህር ተገኘ፤ ሕክምናም ጀመረ። ለውጡ ወራትን ወስዷል። አንድ ጠዋት ክፍል በር ላይ ቆሞ የመጣበትን አውቶቡስ ቁጥር ነገረን። በዚያው ቀን ደወል ሲደወል ጮኸ። ያን ጊዜ በጩኸቱ የተቆጣ መምህር አልነበረም።

ኦቲዝም ያለው ልጅ ያላችሁ ወይም የምታስተምሩ ሁሉ ዛሬ አንድ ነገር ጠይቁ፦ ይህ ልጅ ከስድስት ወር በፊት ምን ይወድ ነበር? ዛሬስ ይወደዋል? መልሱ «አይ» ከሆነ ሐኪም ዘንድ ለመሄድ በቂ ምክንያት ነው። አላህ ልጆቻችንን ይጠብቅልን፤ ለሚያሳድጓቸውም ሶብሩን ይስጣቸው። አሚን።